ልጁ፣ ጥፋቱና ያደገበት ቤት

በሕፃናት ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት ሲነሳ አብዛኛው ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚስለው አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ዕድሜው የገፋ፣ ለልጁ ባዕድ የሆነ፣ ከረሜላ ይዞ የትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚያደባ ወንድ። የአሜሪካ የፖሊስ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ፊንከልሆር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. የ2004ን መዝገብ አገላብጦ ውጤቱን በ2009 አሳትሟል። በዚያ ጥናት፣ በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥፋት ፈጽመዋል ተብለው ፖሊስ ዘንድ ከታወቁት ውስጥ 35.6 በመቶዎቹ ራሳቸው 18 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ከእነዚህ ታዳጊዎች ደግሞ ከስምንት አንዱ 12 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሴቶቹ 7 በመቶ ብቻ ስለሆኑ ጥናቶቹም ሆኑ ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ ወንዶቹ ነው። (ከዚህ በታች የአሜሪካና የአውሮፓ ዓመታት ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው።)

የታዳጊዎቹ ቁጥር 12 ዓመት ላይ ሲደርስ ድንገት ያሻቅባል፤ ከ14 በኋላ እዚያው ይረጋል። ከራሱ በብዙ የሚያንስ ሕፃን ላይ የሚፈጸመው ጥፋት የሚበዛው በጉርምስና መባቻ ሲሆን፣ እኩዮች ላይ የሚፈጸመው ጉርምስናው ሲገፋ ይጨምራል። ከዐዋቂ አጥፊዎች ይልቅ ታዳጊዎቹ በቡድን የማጥፋታቸው፣ ጥፋቱም ትምህርት ቤት ውስጥ የመፈጸሙ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ሰውነት ከማመዛዘን ችሎታ ቀድሞ የሚያድግበት ዕድሜ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ይህ ግን የ13 ዓመት ልጆችን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ፣ አንዱ አጥፍቶ አብሮት የሚማረው ለምን እንዳላጠፋ አያስረዳም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ከምን ዓይነት ቤት ይወጣል? ሰፈርተኛው መልሱን ለመፈለግ ብዙ አይደክምም። አንዱ «አባት አልነበረውም» ይላል፤ ሌላው «እናቱ አልቀጣችውም»፤ ሦስተኛው «እሱም ራሱ ተደፍሮ ይሆናል»፤ አራተኛው ነገሩን ሁሉ በስልኩ ላይ ያሳብባል። እያንዳንዱ ግምት የእውነት ቅንጣት አለው። ሥነ ልቦና አጥኚዎች ባለፉት አርባ ዓመታት የደከሙት የትኛው ግምት ምን ያህል እንደሚመዝን ለመለየት ነው፤ ውጤቱም ለአራቱም ሰፈርተኞች ሙሉ በሙሉ የሚመች አልሆነም።

ትልቁን ምዘና የሠሩት ካናዳውያኑ ማይክል ሴቶና ማርቲን ላሉሚዬር ናቸው። በ2010 ባሳተሙት ሥራ 59 ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቀው፣ ወሲባዊ ጥፋት የፈጸሙ 3,855 ታዳጊ ወንዶችን በሌላ ዓይነት ወንጀል፣ ማለትም በስርቆት፣ በድብደባና በመሳሰለው ከተያዙ 13,393 ታዳጊ ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። የሥራው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ያጠፋን ልጅ ምንም ካላጠፋ ልጅ ጋር ቢያስተያዩት ልዩነቱ በየመስኩ ይታያል፤ የትኛው ልዩነት ለወሲባዊ ጥፋት ብቻ የተለየ እንደሆነ፣ የትኛውስ ለማንኛውም ችግረኛ ልጅ የተለመደ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሌባውን ከጎኑ ሲያቆሙት ነው የሚለየው።

መጀመሪያ የወደቀው «ዱርዬ ነው» የሚለው ማብራሪያ ነው። ወሲባዊ ጥፋት የፈጸሙት ልጆች ከሌሎቹ አጥፊዎች ሲነጻጸሩ የቀድሞ የወንጀል ታሪካቸው በጣም ያነሰ፣ ወንጀለኛ ጓደኞቻቸው ጥቂት፣ የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ችግራቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በነሱ ላይ በርትቶ የታየው ሌላ ነገር ነው፦ ጭንቀት፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት፣ ብቸኝነት። የሚገርመው፣ የመግባባት ችሎታ ማነስ እንደ ማብራሪያ አልቆመም። ልጁ ሰው ማነጋገር አላቃተውም፤ የሚያነጋግረው ሰው የለውም። የማሰብ ችሎታ ማነስም፣ ለሴቶች ያለው አመለካከትም ከሌሎቹ አጥፊዎች አልለዩትም።

ከሁሉም በላይ ሁለቱን ወገኖች የለያቸው ከተለመደው የወጣ የወሲብ ፍላጎት ነው፤ ለምሳሌ በጣም ትንንሽ ሕፃናትን መመኘት ወይም በማስገደድ መርካት። ይህ ግን በሁሉም ልጆች ላይ የሚገኝ አይደለም፤ ጥቂቶቹ ላይ በርትቶ ሲታይ ነው አማካዩን የሚያነሳው። በሁለተኛ ደረጃ የመጣው ልጁ ራሱ የወሲባዊ ጥቃት ሰለባ ሆኖ ማወቁ ነው። ወሲባዊ ዓመፅ ማየት፣ ሌላ ዓይነት በደልና ቸልታ፣ ያለ ዕድሜ ከወሲብና ከወሲብ ፊልም ጋር መተዋወቅም በማስረጃ ተደግፈዋል። ስልኩን የወነጀለው ሰፈርተኛ እንግዲህ ባዶ እጁን አልቀረም፤ ይሁንና ስልኩ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው፣ ያውም ከትልልቆቹ ተርታ የማይሰለፍ።

ቤተሰቡስ?

በቤተሰብ ውስጥ የመነጋገር ችግርና የወላጅና የልጅ ቁርኝት መላላት ለብቻቸው ሲመዘኑ ወሲባዊ ጥፋት የፈጸመውን ልጅ ከሌባው አልለዩትም። ነገሩ የዚህ ልጅ ቤት ሰላም ነበር ማለት አይደለም። ሁለቱም ልጆች በአመዛኙ ከተቸገረ፣ ከተናጋ ቤት ይመጣሉ፤ ንግግር የሌለበት ወይም ፍቅር የቀዘቀዘበት ቤት አንዱን ልጅ ለኪስ አውላቂነት፣ ሌላውን ለዚህ ጥፋት የሚዳርግበት የተለየ መንገድ ግን አልተገኘም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ ከአንድ ቤት ከወጡ ሦስት ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ አንድ ልጅ በዚህ ጉዳይ ሲያዝ እናቱን «ያሳደግሽው አንቺ ነሽ» ብሎ መውቀስ በማስረጃ የተደገፈ ፍርድ ሊባል አይችልም። የሚለየው ቤቱ ውስጥ በልጁ ላይ የደረሰው የተወሰነ ነገር ነው፦ መደፈሩ፣ መደብደቡ፣ ጠባቂ ማጣቱ።

«የተደፈረ ይደፍራል» የሚለው አባባል ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደ ነው፤ በጥንቃቄ መታየት ያለበትም እሱ ነው። አብዛኛው ጥናት የሚጀምረው ከአጥፊው ሆኖ ወደ ኋላ ይጠይቃል፦ «ልጅ ሳለህ ምን ደረሰብህ?» የታሰረ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ እውነት ሊሆን ቢችልም፣ ቅጣት ለማቅለል የሚረዳም መልስ ነው። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ተደፍረው ያላጠፉት ሰዎች እስር ቤት ስለሌሉ የሚጠይቃቸው የለም።

ለንደን ውስጥ በታላቁ ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራው ጥናት ጉዞውን ገለበጠው። በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ለሕክምና የመጡ 224 ወንዶችን መዝገብ ይዞ ከ7 እስከ 19 ዓመት ተከተላቸው። በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት እንደሚለው በኋላ ወሲባዊ ጥፋት የፈጸሙት 26ቱ ናቸው፤ 12 በመቶ ያህል። ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ አላጠፉም ማለት ነው። እነዚያን 26 ልጆች ከሌሎቹ የለያቸው የቤታቸው ሁኔታ ነበር፦ በምግብ፣ በልብስና በእንክብካቤ መበደላቸው፣ የሚጠብቃቸው ዐዋቂ አለመኖሩ፣ በቤተሰብ ውስጥ ከባድ ድብደባ እያዩ ማደጋቸው፣ በሴት ጥቃት የደረሰባቸው መሆኑ። በእንስሳት ላይ መጨከንም ከሌሎቹ ይልቅ በእነርሱ ላይ በርክቶ ታይቷል።

አሜሪካዊቷ ካቲ ስፓትዝ ዊደም ከባልደረባዋ ጋር በ2015 ያሳተመችው ሥራ ደግሞ ይበልጥ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ከ1967 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት በአንድ የመካከለኛው ምዕራብ አውራጃ ፍርድ ቤት የበደላቸው ጉዳይ የታየ 908 ሕፃናትን፣ በዕድሜ፣ በፆታ፣ በዘርና በኑሮ ከሚመሳሰሏቸው 667 ልጆች ጋር እስከ ዐዋቂነት ተከታተለች። በወሲብ ወንጀል የመያዝ ዕድላቸው በግልጽ ከፍ ብሎ የተገኘው የተደበደቡትና በቸልታ የተጣሉት ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ዕድሉ እጥፍ ያህል ነበር። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ላይ የታየው ጭማሪ በስታቲስቲክስ ሚዛን አልጸናም። ዱላንና ቸልታን «አስተዳደግ» እያለ የሚያልፍ ማኅበረሰብ፣ የተደፈረውን ልጅ ግን እንደ ነገ ደፋሪ በጎን የሚያይ፣ ፍርሃቱን ያለ ቦታው አኑሯል። ተጎጂው ልጅ ያንን የጎን እይታ ፈርቶ ዝም እንደሚል መገመት ይቻላል፤ ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ሕክምናው ይርቀዋል።

አጥፊዎቹም ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። ጆን ሃንተርና ባልደረቦቹ በ2003 ሁለት ወገን ለይተው አሳይተዋል። ለአካለ መጠን ገና መድረስ ያልጀመሩ ሕፃናትን የበደሉት ልጆች በአመዛኙ የተከዙ፣ የሚጨነቁ፣ በራሳቸው የማይተማመኑ ናቸው፤ የበደሉትም ብዙ ጊዜ ዘመዳቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ የአጎታቸውን ልጅ ነው። እኩዮቻቸውንና ከዚያ በላይ ያሉትን የበደሉት ግን ኃይል የመጠቀም፣ መጠጥ የመቅመስ፣ ሌላ ወንጀል የመደረብ ዝንባሌ አላቸው። ለሁለተኛው ወገን የሰፈሩ «ዱርዬ ነው» የሚለው ቃል ትንሽ ይቀርበዋል፤ ለመጀመሪያው ጭራሽ አይሆንም። ሁለቱን በአንድ ክፍል አስቀምጦ አንድ ዓይነት ተግሣጽ መስጠት ብዙ የማረሚያ ተቋማት የሠሩት ስህተት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥናት ጎን አሜሪካ በሕግ በኩል የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር። በጥቅምት 1989 ሚኒሶታ ውስጥ ጄኮብ ዌተርሊንግ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ በጭምብል በተሸፈነ ሰው ታፍኖ ተወስዶ ተገደለ። በ1994 በስሙ የወጣው የፌዴራል ሕግ ክፍላተ ሀገር የወሲብ ወንጀለኞችን እንዲመዘግቡ አዘዘ። በ2006 የተከተለው የአዳም ዎልሽ ሕግ ደግሞ 14 ዓመት የሞላቸውንና ከባድ ጥፋት የተገኘባቸውን ታዳጊዎችም በመዝገቡ አስገባ። የጄኮብ ገዳይ ዐዋቂ እንደነበረ ሰውየው ራሱ በ2016 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። በዐዋቂ ባዕድ ምክንያት የተወለደው ሕግ ግን ልጆችን ይዞ ቀረ። የልጁ እናት ፓቲ ዌተርሊንግ፣ ሕጉ እንዲወጣ የታገለችው ሴት፣ ታዳጊዎች በመዝገቡ መካተታቸውን በአደባባይ ተቃውማለች። ከእሷ የበለጠ ይህን ለማለት መብት ያለው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

መዝገቡ የቆመው አንድ ጊዜ ያጠፋ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ያጠፋል በሚል እምነት ላይ ነበር። ማይክል ካልድዌል በ2016 ይህን እምነት በቁጥር ፈተነው። 33,783 ታዳጊዎችን ያካተቱ 106 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ በአማካይ አምስት ዓመት ገደማ በሆነ ክትትል እንደገና በወሲባዊ ጥፋት የተያዙት 4.92 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ጥናቶች ደግሞ 2.75 በመቶ። መዝገብ የተደበቀ ጥፋትን ሁሉ አይዝም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ ትክክል ነው። ቢሆንም ያንን ቁጥር ብዙ ጊዜ ቢያባዙት እንኳ «ሁሉም ይደግማል» ወደሚለው አይደርስም።

መዝገቡ ያመጣው ጉዳት ግን ተለክቷል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት መከላከያ ማዕከልን የምትመራው ኤልሳቤጥ ለቱርኖ በ2018 ባሳተመችው ጥናት በሕክምና ላይ ያሉ 251 ልጆች ተጠይቀው ነበር። ከመካከላቸው የተመዘገቡት 73ቱ፣ ካልተመዘገቡት ይልቅ በቅርቡ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የተናገሩት በአራት እጥፍ ነው፤ ዐዋቂ ሰው ለወሲብ ቀርቦን ነበር ያሉትም በአምስት እጥፍ ገደማ። ልጆችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ልጆችን ለአዳኝ አጋለጠ ማለት ነው። የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2014 ታዳጊዎችን ዕድሜ ልክ መመዝገብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል፤ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ግን በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይህን ማወቅ አለባቸው፦ መምህር፣ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና አማካሪ በሕፃን ላይ ጥቃት ደረሰ ብሎ ሲጠረጥር ለመንግሥት የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለበት። ነገሩን በዘመድ ጉባዔ ጨርሶ መቅበር እዚያ አገር አይቻልም።

ቤተሰብ ሙሉ ማብራሪያ ሆኖ ባይገኝም፣ መድኃኒቱ የተገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ የወሲብ ጠባይ ችግር ያሳዩ ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 135 ልጆች በዕጣ ከሁለት ተከፈሉ፤ ማርክ ቻፊን፣ ጄን ሲሎቭስኪና ባልደረቦቻቸው በኋላ ተከታተሏቸው። አንዱ ወገን በጨዋታ ላይ የተመሠረተ ምክር አገኘ። ሌላው 12 ክፍለ ጊዜ የሚወስድ የተደራጀ ትምህርት ተሰጠው፦ የሰውነት ክፍሎችና የግል ቦታዎች ደንብ፣ ከማድረግ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ፣ የሰውን ወሰን ማክበር። አሳዳጊዎቻቸው በጎን ባለው ክፍል በዚያው ሰዓት ልጅ እንዴት እንደሚጠበቅና እንዴት ያለ ዱላ ሥርዓት እንደሚይዝ ተማሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ የወሲባዊ ጥፋት መዝገብ ያላቸው ከመጀመሪያው ወገን 10 በመቶ፣ ከሁለተኛው 2 በመቶ ሆነው ተገኙ። በሌላ ችግር፣ ለምሳሌ በመቅበጥበጥ፣ ወደ ክሊኒኩ ከመጡ ልጆች 3 በመቶዎቹ እንዲህ ያለ መዝገብ ነበራቸው፤ ስለዚህ የተማሩት ልጆች ከእነዚህ አልተለዩም። የ12 ሳምንት ሥራ ለአሥር ዓመት ይህን ያህል መቆየቱ በሥነ ልቦና ዓለም ብዙ የሚያጋጥም አይደለም።

ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ቦርዲን የቤት ለቤት ሕክምናን ሞከረ። ባለሙያው ልጁን ቢሮ አይጠራም፤ ቤት ይሄዳል። ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ ይይዛል፣ በማንኛውም ሰዓት ይደወልለታል፣ ሥራው ለወራት ይዘልቃል። የመጀመሪያው እንቅፋት ብዙውን ጊዜ ወላጅ ነው። የበደለውም የተበደለችውም ልጅ ከአንድ ማሕፀን በወጡበት ቤት እናት ምን ታድርግ? አንዱን ብታምን ሌላውን ያጣች ይመስላታል። ገበናዋ እንዳይወጣ «ልጆች ሲጫወቱ ነው» ትላለች። ባለሙያው ያንን ክህደት ሳያዋርዳት ይፈታል፤ ከዚያ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን ከማን ጋር ብቻውን እንደማይቀር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ማን ቤት እንደሚገኝ አብረው ይወስናሉ። ለልጁም ደህና ጓደኛ፣ ኳስ፣ መዘምራን፣ የሚውልበት ነገር ይፈለጋል፤ ብቸኝነቱ ከመነሻዎቹ አንዱ ነበርና። በ2009 የታተመው ውጤት 48 ልጆችን ብቻ የያዘ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ በፈጀ ክትትል ከቤተሰባቸው ጋር ከታከሙት 8 በመቶዎቹ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት 46 በመቶዎቹ እንደገና በወሲብ ወንጀል ተያዙ። ሙከራው ጥቂት ልጆችን ብቻ መያዙና ዘዴውን ከፈጠሩት አንዱ ራሱ የሠራው መሆኑ ቅር ቢያሰኝም፣ ለቱርኖና ባልደረቦቿ በቺካጎ 127 ልጆች ላይ የሠሩት ሌላ ሙከራም የልጆቹን ችግር መቀነሱን አሳይቷል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ሁሉ ቦታ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ለዐዋቂ በተደነገገው ቅጣት አይቀጣም፣ ከዐዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አያስርም። አንቀጽ 54 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ አስተዳደግና አኗኗር መረጃ እንዲያስቀርብ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች እንዲጠይቅ፣ የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ይፈቅድለታል። ይኸው ሕግ፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ የያዘውን፣ የደፈራትን ካገባ ደፋሪው ከክስ ነጻ ይወጣል የሚል ድንጋጌ ሠርዞታል። ሽምግልናው ግን ከሕጉ ጋር እኩል አልተራመደም። ሽማግሌ ካሣ ቆርጦ፣ ጉልበት አስሞ፣ ሁለቱን ቤተሰብ ሲያስታርቅ ልጅቷን የጠየቃት የለም፤ ልጁንም ያየው ባለሙያ የለም። የታረቁት አባቶች ናቸው።

አንቀጽ 54ን በእጁ የያዘ ዳኛ ከጥናቶቹ ተነስቶ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ልጁን የደበደበው አለ? ማንስ ነካው? ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ ታናናሾቹን የሚጠብቃቸው እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? የሚተኛው ከማን ጋር ነው? ጓደኛው ማን ነው፣ ወይስ የለውም? የሚያየውን ፊልም ከየት ያመጣል፣ ያየውንስ ማንን ይጠይቃል? ጉዳት የደረሰባት ልጅ እዚያው ቤት የምትኖር ከሆነ ዛሬ ማታ የት ታድራለች? እነዚህን አባት ወይም እናት መመለስ ይችላሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥያቄ እነሱኑ የሚመለከት ነው፦ ለሦስት ወር በየሳምንቱ ከልጁ ጋር እየመጣ ከባለሙያው ፊት የሚቀመጠው ማነው?